አዲስ የድረ ገጽ መሣሪያ በትንሽ ሥራ ይለመድ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ድረ ገጽ በመሥራት የምተዳደር፣ ከሥራዬም ጎን ለጎን ጀማሪዎችን የማግዝ ሰው እንደ መሆኔ፣ ሲያሳስበኝ የቆየ አንድ ጉዳይ በጋዜጣችሁ በኩል ለአንባቢዎች እንዲደርስልኝ እፈልጋለሁ። ጉዳዩ አዳዲስ የድረ ገጽ መሥሪያ መሣሪያዎች የሚለመዱበትን መንገድ ይመለከታል። ወጣቶች ለዚህ ሙያ ያላቸው ፍላጎት ከፍተኛ ነው፤ ጊዜያቸውንም ሳይሰስቱ ይሰጡታል። ሆኖም ብዙዎቹ ከአንዱ የቪዲዮ ትምህርት ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ከርመው፣ ባዶ ፋይል ከፍተው አንድ ነገር ከራሳቸው እንዲሠሩ ሲጠየቁ እጃቸው ይታሰራል። እኔ የማምነው አዲስ መሣሪያ በቅጡ የሚለመደው ተማሪው አስቀድሞ ጠንቅቆ የሚያውቀውን አንድ ትንሽ ነገር በዚያ መሣሪያ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሠርቶ ሲጨርስ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል በዝርዝር ላስረዳ።

መሣሪያዎቹ ማለቂያ የሌላቸው የሚመስሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሰርን በተባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል የድርን ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ዓላማው ተመራማሪዎች ሰነዶቻቸውን እርስ በርስ አያይዘው እንዲለዋወጡ ማድረግ ነበር። ብሬንደን አይክ በ1995 በኔትስኬፕ ኩባንያ ውስጥ ገጽን የሚያንቀሳቅሰውን የጃቫስክሪፕትን ቋንቋ የመጀመሪያ ቅርጽ በ10 ቀናት አዘጋጀ፤ የገጽ መልክ የሚገለጽበት የሲኤስኤስ የመጀመሪያ ደረጃም በ1996 መጨረሻ ጸደቀ። ሰነድ ለማሳየት የተዘጋጀው ይህ መሠረት ከጊዜ በኋላ ገንዘብ የሚተላለፍበት፣ ካርታ የሚታይበት፣ ስብሰባ የሚካሄድበት መድረክ ሆነ። እንግዲህ መሣሪያዎች በየጊዜው የሚወለዱት በመጀመሪያው ዓላማና በዛሬው አገልግሎት መካከል ያለውን ክፍተት ለመሙላት ነው። ጄኩዌሪ የተባለው የተዘጋጀ የጃቫስክሪፕት ኮድ በ2006 የመጣው ብራውዘሮች ለአንድ ትእዛዝ የተለያየ ምላሽ ይሰጡ ስለ ነበር ያንን ልዩነት ለመሸፈን ነው። አንጉላር ጄኤስ በ2010፣ ሪአክት በ2013፣ ቪዩ በ2014፣ ስቬልት በ2016 ተከታትለው የወጡት ደግሞ በገጹ ላይ የሚታየው ነገር ከውስጥ ካለው መረጃ ጋር ሳይዛባ አብሮ እንዲለዋወጥ ማድረግ በእጅ ሲሠራ እጅግ አድካሚ በመሆኑ ነው።

ከእነዚህ አንዱን መርጦ ለሁልጊዜ ያዝኩ ማለት አይቻልም። አንጉላር ጄኤስን ጠንቅቀው ያወቁ ሰዎች በ2016 አንጉላር ከመሠረቱ እንደ አዲስ ተጽፎ ሲወጣ ብዙውን ነገር ዳግመኛ መማር ነበረባቸው፤ ለቀድሞው ይሰጥ የነበረው ድጋፍም በ2021 መጨረሻ ተቋረጠ። በሪአክት ውስጥ እንኳ በ2019 ሁክስ የተባለው አሠራር ሲመጣ ኮምፖነንት፣ ማለትም የገጹ አንድ ክፍል ኮድ፣ የሚጻፍበት ልማድ ተለወጠ። ጄኩዌሪ ይሠራቸው ከነበሩት ነገሮች ብዙዎቹ ዛሬ ብራውዘሩ ራሱ የሚሠራቸው ሆነዋል። ከሥር ያለው ነገር ግን ብዙም አልተነቃነቀም። በመጀመሪያዎቹ የድር ዓመታት የተጻፈ ቀላል የኤችቲኤምኤል (የገጽ ይዘት የሚጻፍበት ቋንቋ) ገጽ በዛሬ ብራውዘር ይከፈታል፤ ብራውዘር ጥያቄ የሚልክበት፣ ሰርቨርም መልስ የሚሰጥበት ሥርዓት በመሠረታዊ ሐሳቡ ያው ነው፤ ሰው አዝራር ሲጫን ብራውዘሩ ያንን ለኮዱ የሚያሳውቅበት መንገድም እንዲሁ። ስለዚህ ጀማሪ የሚያስፈልገው፣ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ከሥር ያለውን ጸንቶ የሚኖረውን ነገር የሚያይበት፣ መሣሪያው በዚያ ላይ ምን እንደ ጨመረም የሚለይበት ልምምድ ነው።

የቪዲዮ ትምህርት ይህንን አያስገኝም ስል ዋጋ ቢስ ነው ማለቴ አይደለም። አንድ መሣሪያ በጠቅላላው ምን እንደሚመስልና ለምን እንደ ተፈለገ ለማወቅ ጥሩ መግቢያ ነው። ችግሩ ተማሪው መምህሩን ተከትሎ ሲጽፍ ውሳኔዎቹ ሁሉ አስቀድመው የተወሰኑ መሆናቸው ላይ ነው። ፋይሉ ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ መረጃው በየትኛው ኮምፖነንት ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ አንዱ ፋንክሽን (አንድ ተግባር የሚፈጽም የኮድ ክፍል) መቼ ለሁለት እንደሚከፈል የወሰነው መምህሩ ነው፤ በመሃል የገጠመውን ስሕተትም አብዛኛውን ጊዜ ቆርጦ አውጥቶታል። ተማሪው የሚያየው የተጠረገውን መንገድ ብቻ ነው፤ ጣቶቹ ይጽፋሉ፣ ገጹም ይሠራል፣ እርሱም የገባው ይመስለዋል። በማግሥቱ ያንኑ ገጽ ቪዲዮውን ሳታይ ጻፍ ቢባል ግን ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። ይህን ጊዜ ያልተሳካለት ከትምህርቱ ማነስ የተነሣ መስሎት ሌላ፣ ከፊተኛው የረዘመ ቪዲዮ ይፈልጋል። ትጉህ ወጣቶች በዚህ ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ውስጥ ሲባክኑ ማየት በእውነት ያሳዝነኛል፤ ትጋትም ችሎታም አልጎደላቸውምና።

ትንሽ የልምምድ ሥራ ስል፣ ምን እንደሚሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነግሮ የሚያልቅ፣ ተማሪውም ስለ ጉዳዩ ምንም ማጥናት ሳያስፈልገው የሚያውቀው ነገር ማለቴ ነው። ሊሠሩ የታሰቡ ነገሮች የሚመዘገቡበት የሥራ ዝርዝር፣ ሰዓት ቆጣሪ፣ ሙቀትን ከሴልሺየስ ወደ ፋራናይት የሚቀይር ገጽ፣ የጥያቄና መልስ ጨዋታ ለዚህ ይበቃሉ። የሥራ ዝርዝርን ብዙ ሰው የሰለቸ ነገር ነው እያለ ይንቀዋል፤ እኔ ግን የሚጠቅመው በዚሁ ምክንያት ነው እላለሁ፤ ጉዳዩ አዲስ ካልሆነ የተማሪው ሐሳብ ሁሉ በመሣሪያው ላይ ያርፋልና። ቱዱ ኤምቪሲ የተባለው የታወቀ ፕሮጀክት የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ዓይነት መልክና አንድ ዓይነት ተግባር ያለው የሥራ ዝርዝር በበርካታ ፍሬምወርኮች፣ ማለትም እንደ ሪአክት ባሉ የገጽ መሥሪያ ማዕቀፎች፣ ተጽፎ ጎን ለጎን ስለ ቀረበ፣ ኮዱን የሚያነብ ሰው ልዩነቱ ከመሣሪያው እንጂ ከሥራው እንዳልመጣ እርግጠኛ ሆኖ ማነጻጸር ይችላል።

ተማሪም ለራሱ እንዲህ ያለ አንድ ሥራ መርጦ በየመሣሪያው ደጋግሞ ቢሠራው ብዙ ያተርፋል። በተራ ጃቫስክሪፕት ሲጽፈው፣ አንድ ሥራ ወደ ዝርዝሩ በተጨመረ ቁጥር ገጹን ራሱ ማደስ፣ ያልተጠናቀቁትን ሥራዎች ብዛት የሚያሳየውንም ቁጥር ራሱ ማስተካከል እንዳለበት ያያል፤ አንዱን ቦታ ከረሳ ዝርዝሩ አራት ሥራ እያሳየ ቁጥሩ ሦስት ይላል። ወደ ሪአክት ሲሻገር ለውጡን በተመደበለት ፋንክሽን በኩል ሲያሳውቅ ኮምፖነንቱ እንደ ገና እንደሚሠራና ገጹም ተከትሎ እንደሚታደስ ይረዳል፤ በቀጥታ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ ቢለውጥ ግን ገጹ ሳይነቃነቅ ይቀራል። በቪዩ ደግሞ ያንኑ ዝርዝር በቀጥታ ሲለውጠው ገጹ ይታደሳል፤ ቪዩ መረጃውን ስለሚከታተል ማን ምን እንደ ነካ ያውቃል። በስቬልት ከዚህ ሥራ ብዙው የሚከናወነው ኮዱ ወደ ብራውዘር ከመድረሱ በፊት፣ ኮዱን አስቀድሞ በሚተረጉም ፕሮግራም፣ በኮምፓይለር ነው። እነዚህን ልዩነቶች ያነበበ ሰው ሲውል ሲያድር ይረሳቸዋል፤ የገዛ ዝርዝሩ በአንዱ መሣሪያ ታድሶ በሌላው ሳይታደስ ሲቀር ያየ ሰው ግን አብረውት ይኖራሉ።

በቅርብ የተመለከትኩትን አንድ ነገር ላቅርብ። አንዲት ጀማሪ የሥራ ዝርዝሯን በሪአክት ጨርሳ ሁሉም ነገር በትክክል መሥራቱን ካረጋገጠች በኋላ ገጹን ስታድሰው የጻፈችው በሙሉ ጠፋ። ለካ መረጃው የነበረው ገጹ ክፍት እስከ ሆነ ድረስ ብቻ በሚቆይ ጊዜያዊ ቦታ ነው። ሎካል ስቶሬጅ የሚባል፣ መረጃ በብራውዘሩ ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ እንዳለ አነበበችና ዝርዝሩን እዚያ አኖረችው፤ መልሳ ስታወጣው ግን በሥራዎቹ ፈንታ በቅንፍ ውስጥ "ኦብጀክት ኦብጀክት" የሚል ተደጋጋሚ ጽሑፍ ጠበቃት። ሎካል ስቶሬጅ የሚይዘው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ዝርዝሯ ያለ ፈቃዷ ወደ ጽሑፍ ተለውጦ ነበር። መረጃን በጽሑፍ መልክ ማስቀመጥ የሚያስችለውን ጄሰን የተባለውን አጻጻፍ ከልቧ ያጠናችው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥሎ ገጹን በሌላ ብራውዘር ስትከፍተው ጨርሶ አልነሣ አለ፤ እዚያ ገና ምንም ስላልተቀመጠ፣ ኮዱ ዝርዝር ሲጠብቅ የመጣለት ባዶ ነገር ነበር። ይህንን አስተካክላ ስታበቃ ደግሞ ሥራው የተመዘገበበትን ቀን የሚያሳየው ክፍል ተበላሸ፤ ቀኑ ወደ ጄሰን ሲለወጥ ተራ ጽሑፍ ሆኖ፣ ሲመለስም ጽሑፍ እንደ ሆነ በመቅረቱ ዓመቱን ለይቶ ማውጣት አልተቻለም። ገጽ ሲዘጋ የሚጠፋ መረጃና የማይጠፋ መረጃ፣ መረጃን ወደ ጽሑፍ መለወጥ፣ ባዶ ሁኔታን አስቀድሞ ማሰብ፣ የመረጃ ዓይነት በጉዞ ላይ መለወጡ፣ እነዚህ ሁሉ በትላልቅ ሥርዓቶች ውስጥ በየቀኑ የሚያጋጥሙ ችግሮች ናቸው። በትልቅ ሥርዓት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ምክንያቱን በብዙ ሺህ መስመር ኮድ መካከል መፈለግ ነበረባት፤ እዚህ ግን ኮዱ ሁሉ በአንድ እይታ የሚጠቃለል ስለ ነበር ማንም ሳይነግራት ራሷ ደረሰችበት።

ሰዓት ቆጣሪም ከሚመስለው በላይ ያስተምራል። ጀማሪ በየሰከንዱ አንድ እየጨመረ የሚሄድ ቁጥር ይጽፍና ያሠራዋል፤ ወደ ሌላ ታብ ሄዶ ቆይቶ ሲመለስ ግን ቆጣሪው ወደ ኋላ ቀርቶ ሊያገኘው ይችላል። ብራውዘሮች ባትሪና የኮምፒውተሩን አቅም ለመቆጠብ ሲሉ ከዓይን በራቀ ታብ ውስጥ ያለን ቆጣሪ ፍጥነት ስለሚገድቡ ነው። መፍትሔው ሰከንድ መደመርን ትቶ፣ ቆጠራው የተጀመረበትን ሰዓት መዝግቦ አሁን ካለው ሰዓት ላይ መቀነስ ነው። ያንኑ ቆጣሪ በሪአክት ሲጽፈው ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥመዋል፤ ቁጥሩ ከዜሮ ወደ አንድ ይሄድና እዚያው ተቸንክሮ ይቀራል። በየሰከንዱ የሚጠራው ፋንክሽን ሲፈጠር ያየው ዋጋ ዜሮ ስለ ነበር፣ ሁልጊዜ ዜሮ ላይ አንድ ይደምራል። ፋንክሽን ሲፈጠር ያየውን ይዞ የሚቆይበት፣ ክሎዠር የሚባለው የጃቫስክሪፕት ጠባይ ሲነበብ ረቂቅ ነው፤ በዚህ በቆመ ቁጥር ላይ ሲታይ ግን ጥርት ብሎ ይገባል። ይህ ከተስተካከለ በኋላም በ2022 ከወጣው ሪአክት 18 ጀምሮ፣ በግንባታ ጊዜ የሚሠራው ጥብቅ ሁኔታ ከተከፈተ፣ ቆጣሪው ሁለት ሁለት እያለ ሊዘል ይችላል። ሪአክት ኮምፖነንቱን ሆን ብሎ ነቅሎ ዳግመኛ ስለሚተክለው፣ ኮምፖነንቱ ሲነቀል ቆጣሪው እንዲቆም ማድረግን የረሳ ሰው ሁለት ቆጣሪ በአንድ ጊዜ ያሠራል። የጀመሩትን ነገር በጊዜው ማስቆም እንደሚገባ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

የልምምድ ሥራ ምርጫ በዘፈቀደ መሆን የለበትም። ሰቨን ጂዩአይስ የሚባለው የታወቀ ስብስብ 7 ትንንሽ ሥራዎች ብቻ አሉት፤ እነርሱም ቁጥር የሚጨምር አዝራር፣ የሙቀት መቀየሪያ፣ የበረራ ትኬት መያዣ፣ ሰዓት ቆጣሪ፣ ስሞች የሚመዘገቡበትና የሚሰረዙበት ዝርዝር፣ የክብ መሣያ እና አነስተኛ የሒሳብ ሠንጠረዥ ናቸው። እያንዳንዱ አንድ የተለየ ችግር ያወጣል። በሙቀት መቀየሪያው ሁለቱ ሣጥኖች አንዱ ሌላውን ይለውጣሉ፤ በትኬት መያዣው የመመለሻው ቀን ከመሄጃው ቀን ከቀደመ አዝራሩ መዘጋት አለበት፤ በክብ መሣያው የተደረገውን መሻርና የተሻረውን መመለስ ይጠየቃል፤ በሠንጠረዡ ደግሞ አንዱ ሕዋስ ሲለወጥ በእርሱ ላይ የተመሠረቱት ሁሉ ተከትለው መታደስ ይኖርባቸዋል። ፍሬምወርክ የመረጠ ሰው እነዚህን 7ቱን ከሠራ መሣሪያው የት እንደሚያግዘው፣ የት ደግሞ እንደሚጎትተው በራሱ ዓይን ያያል።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ከእነዚህ የማያንስ ጥሩ የልምምድ ሥራ በእጁ አለ፤ የአማርኛ ቃላት የሚፈለጉበትን ትንሽ ሣጥን ይሥራ። ተጠቃሚው "አለም" ብሎ ሲጽፍ በዝርዝሩ ውስጥ ያለው "ዓለም" አይገኝም፤ "ጸሀይ" ሲልም "ፀሐይ" አይመጣለትም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት) ሲካተት እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ስለ ተሰጠው፣ በአማርኛ አነጋገር አንድ ድምፅ ያላቸው ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒውተሩ ሦስት የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ከማነጻጸር በፊት ሁለቱንም ጽሑፎች ወደ አንድ ዓይነት ሆሄ የሚመልስ ፋንክሽን ያስፈልጋል፤ በገጹ ላይ የሚታየው ጽሑፍ ግን እንደ ተጻፈ መቆየት አለበት። ጄስትን ወይም ቪቴስትን የመሳሰሉ ኮድ የሚፈተንባቸውን መሣሪያዎች ለመልመድ ይህ ሥራ እጅግ ይመቻል፤ የሚገባውና የሚወጣው ግልጽ ነውና። ተማሪው "አለም ሲጻፍ ዓለም ይገኝ" የሚለውን ፈተና አስቀድሞ ይጽፋል፣ ፈተናው ሲወድቅ ያያል፣ ከዚያ በኋላ እስኪያልፍ ድረስ ፋንክሽኑን ያስተካክላል። ሆሄያቱን ከነ ሰባቱ ቤቶቻቸው በእጅ ይዘርዝር ወይስ በዩኒኮድ ተከታታይ ቁጥር የተሰጣቸው መሆኑን ተጠቅሞ ያስላ፣ ሀ እና ሃስ እንደ አንድ ይቆጠሩ ወይስ ይለዩ የሚሉትን ጥያቄዎች ሲመልስ ማንም አስቀድሞ ያልወሰነለትን ይወስናል። በቪዲዮ ትምህርት የማይገኘው ይህ ነው።

አሁን ብዙዎች ወደሚሰናከሉበት ልምጣ። አንድ ጀማሪ ሪአክትን ሊማር ይነሣና ገና ሲጀምር ኔክስትን (በሪአክት ላይ የተሠራ ማዕቀፍ)፣ ታይፕስክሪፕትን (የመረጃ ዓይነትን የሚቆጣጠር የጃቫስክሪፕት ቅጥያ)፣ ቴይልዊንድን (የተዘጋጀ የሲኤስኤስ መሣሪያ)፣ ዳታቤዝንና የተጠቃሚ መግቢያ ሥርዓትን በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ያስገባል። ስሕተት በቀይ ተጽፎ ሲወጣ ከየትኛው እንደ መጣ መለየት አይችልም፤ መልእክቱን ገልብጦ ይፈልጋል፣ ያገኘውን ይለጥፋል፣ ቢሠራለትም ለምን እንደ ሠራ አያውቅም። በአንድ የልምምድ ሥራ ውስጥ አንድ አዲስ ነገር ብቻ ይኑር የሚል ጽኑ አቋም አለኝ። ታይፕስክሪፕትን መልመድ የፈለገ ሰው በጃቫስክሪፕት የጻፈውን የቆየ ሥራ ወስዶ ፋይል በፋይል ይለውጠው፤ የሚወጣው ቅሬታ ሁሉ ወይ ስለ ታይፕስክሪፕት ሕግ፣ ወይ ሳይታይ ተደብቆ ስለ ኖረ የራሱ ስሕተት መሆኑን ያውቃል። ከ2017 ጀምሮ ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች የተቀበሉትን፣ ገጽን በረድፍና በዓምድ የሚደለድለውን ሲኤስኤስ ግሪድን ሊለምድ የፈለገ ጃቫስክሪፕት የሌለበት አንድ ገጽ ይበቃዋል። የሌሎችን ላይብረሪ፣ ማለትም የተዘጋጀ ኮድ፣ ማብዛትም እንዲሁ በልክ ይሁን። በ2016 ሌፍትፓድ የተባለ፣ ከ11 መስመር የማይበልጥ ኮድ የነበረው ጥቅል የጃቫስክሪፕት ጥቅሎች ከሚቀመጡበት ከኤንፒኤም ሲነሣ በእርሱ ላይ የተደገፉ በርካታ ፕሮጀክቶች መገንባት አቅቷቸው ነበር። ጥቅሉ ይሠራ የነበረው ጽሑፍን በግራ በኩል በሚፈለገው ልክ መሙላት ነው፤ ጀማሪ ራሱ ቢጽፈው ጥሩ ልምምድ የሚሆነው ነገር ማለት ነው።

አጥብቄ የማሳስበው ደግሞ ሥራን ስለ መጨረስ ነው። ገጹ በራስ ኮምፒውተር ላይ ስለሠራ አለቀ አይባልም። በይነ መረብ ላይ ይውጣ፤ ይህን ጊዜ በቤት ውስጥ ይታይ የነበረ ሥዕል ሊጠፋ ይችላል። ድረ ገጽ በሚወጣበት ጊትሀብ ፔጅስ ላይ የፕሮጀክት ገጽ በንዑስ አድራሻ ሥር ስለሚቀመጥ ከሥሩ ተነሥቶ የተጻፈ የፋይል መንገድ ይሳሳታል፤ ወይም ደግሞ በላቲን ፊደል የተጻፈው የፋይሉ ስም ትልቅና ትንሽ ፊደል የማይለይ ኮምፒውተር ላይ ተሠርቶ፣ በሚለይ ሰርቨር ላይ ይሰናከላል። በብራውዘሩ የዴቨሎፐር መሣሪያ ውስጥ የኢንተርኔቱን ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ገጹን መክፈት፣ መረጃው እስኪመጣ ድረስ ተጠቃሚው ምን እንደሚያይ ያሳያል። ማውዙን ወደ ጎን አድርጎ በኪቦርድ ብቻ መሞከርም ያስፈልጋል፤ በአዝራር ፈንታ አዝራር የሚመስል ሌላ ታግ የተጠቀመ ሰው ታብ የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ ቢጫን እዚያ አይደርስም፤ ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት ስክሪን አንባቢም አዝራር መሆኑን አይነግራቸውም። በመጨረሻ ምን እንደ ተሠራና ምን እንዳስቸገረ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ከኮዱ ጋር ይቀመጥ። ከግማሽ በላይ ሄደው የተተዉ ትላልቅ ፕሮጀክቶች ካሉት ተማሪ ይልቅ፣ እስከዚህ ድረስ የሄዱ ጥቂት ትንንሽ ሥራዎች ያሉት ተማሪ ሙያውን እንደ ያዘ እቆጥራለሁ።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ረዳቶች ከመጡ ወዲህ ይህ ሁሉ ድካም ለምን የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ዛሬ የሥራ ዝርዝር ገጽ በአንድ ትእዛዝ ተጽፎ ይመጣል። ነገር ግን ማንም የሥራ ዝርዝር አጥቶ አይደለም የሚለማመደው። ከላይ የጠቀስኳት ጀማሪ ያንን ኮድ ተጽፎ ቢመጣላት ኖሮ ጄሰን ቀንን ወደ ጽሑፍ እንደሚለውጥ የምታውቅበት አጋጣሚ ያመልጣት ነበር። ረዳቱን ራስ ከጻፉ በኋላ ሌላ አጻጻፍ እንዲያሳይ፣ ወይም ያልገባን የስሕተት መልእክት እንዲያብራራ መጠየቅ ጠቃሚ ነው፤ የሚሰጠው መልስ ጊዜው ያለፈበት አሠራር ሊሆን ስለሚችል ግን ከመሣሪያው ይፋዊ ሰነድ ጋር ማመሳከር ግድ ነው።

ትንንሽ ሥራ ትልቅ ሥርዓት አያስተምርም የሚለውን ተቃውሞ በአክብሮት እቀበለዋለሁ። ከሌሎች ጋር አብሮ መሥራት፣ ሌላ ሰው ከዓመታት በፊት የጻፈውን ኮድ ማንበብ፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበትን ነገር ሳያቋርጡ መለወጥ በሰዓት ቆጣሪ አይለመዱም። ሆኖም አንድ መሸጋገሪያ አለ፤ ከወራት በኋላ ወደ ገዛ ትንሽ ሥራ ተመልሶ አንድ አዲስ ጥያቄ መጨመር ነው። የሥራ ዝርዝሩ በስልክም በኮምፒውተርም አንድ ዓይነት ሆኖ ይታይ ቢባል ሎካል ስቶሬጅ አይበቃም፤ ሰርቨር ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ ለውጥ ከተደረገ የማን ይጽና የሚል ከባድ ጥያቄ ይመጣል። ያን ጊዜ የገዛ ኮዱን እንደ እንግዳ ኮድ ያነበዋል፤ ግልጽ ያልሆነ ስምና የተደበላለቀ ፋንክሽን ምን ያህል እንደሚያስከፍልም ያያል። ከጓደኛ ጋር ኮድ ተለዋውጦ አንዱ በሌላው ሥራ ላይ እንዲጨምር ማድረግ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል።

ሥልጠና የሚሰጡ ሰዎች ለማጠቃለያ የኢንተርኔት መደብር ወይም የማኅበራዊ ትስስር ገጽ በቡድን እንዲሠራ ከማዘዝ ይልቅ፣ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ችግር የሚያወጡ ጥቂት ሥራዎችን ለብቻው እንዲጨርስ ቢያደርጉ መልካም ነው። በትልቁ የቡድን ሥራ ብዙውን ጊዜ አንድ ሁለቱ ይጽፋሉ፣ የቀሩት ስማቸው ይመዘገባል። ቀጣሪዎችም የመሣሪያ ስምና የዓመት ብዛት ከመቁጠር፣ አመልካቹ የሠራውን አንድ ትንሽ ነገር አስከፍተው "እዚህ ላይ ይህን ጨምርልን" ቢሉት በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ያውቃሉ።

በመጨረሻ ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። ጋዜጣው በየጊዜው አንድ ትንሽ የልምምድ ሥራ የሚወጣበት አነስተኛ ቦታ ቢሰጥ፣ ሥራው በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢገለጽ፣ የሚለመደው አንድ አዲስ ነገር ምን እንደሆነና ሥራው አለቀ የሚባለው ምን ምን ሲያሟላ እንደሆነ ቢጻፍ፣ አንባቢዎችም የት እንደ ተቸገሩና እንዴት እንደ ወጡት ጽፈው ቢልኩ፣ ቀጥሎ በሚወጣው እትም ከመካከላቸው አንዱ ቢታተም እጅግ ጠቃሚ ይሆናል። ሐሳቡን ከተቀበላችሁት የመጀመሪያዎቹን ሥራዎች ያለ ክፍያ ለማዘጋጀትና የሚላኩትንም ኮዶች ለማንበብ ፈቃደኛ ነኝ፤ ለመነሻም በአማርኛ ቃላት የሚፈለጉበትን ሣጥን አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ከጋዜጣችሁ አንባቢዎች አንዱ